የመድኃኒት ኦዲት ከየት ይጀመራል? በጤና ተቋም የሩብ ዓመት ኦዲት አሠራር

«የመድኃኒት ኦዲት እንድሠራ ተመድቤያለሁ፤ ከየት ልጀምር?» ይህ ጥያቄ በየዓመቱ፣ በተለይ የመጀመሪያው ሩብ ዓመት ሲዘጋ፣ ደጋግሞ ይደርሰኛል። ጠያቂዎቹ ብዙዎቹ ፋርማሲ ውስጥ ዓመታት የሠሩ ናቸው። መድኃኒቱንም ቅጾቹንም ያውቃሉ። የሚያስቸግራቸው የትኛው ከየትኛው ይቀድማል የሚለው ነው። ቅደም ተከተሉ ሲዛባ ደግሞ ያልጠፋ መድኃኒት ጠፋ ይባላል፣ የጠፋው ሳይታይ ያልፋል። እዚህ የምጽፈው በጤና ጣቢያ ወይም በሆስፒታል ለሚሠራ የውስጥ ኦዲት ነው።

የሚያስፈልግዎት

- የተቋሙ ኃላፊ የፈረመበት የምደባ ደብዳቤ። መዝገብ ሲጠይቁም ቁልፍ ሲያስከፍቱም የሚያሳዩት እሱን ነው።
- ያለፈው ኦዲት ሪፖርትና የሰኔ 30 የዓመቱ ቆጠራ ውጤት
- ቢን ካርዶች (በየመድኃኒቱ መደርደሪያ ላይ ያሉ የገቢና የወጪ ካርዶች) እና ስቶክ ሪከርድ ካርዶች (ያንኑ ከነዋጋው ለብቻ የሚይዙ)
- የሞዴል 19 (የስቶር ገቢ) እና የሞዴል 22 (የስቶር ወጪ) ጥራዞች፤ ያለቁትም በሥራ ላይ ያሉትም። ዲስፔንሰሪዎች (ለታካሚ መድኃኒት የሚያድሉት ክፍሎች) ከስቶር የሚረከቡት በአይኤፍአርአር፣ ማለትም በውስጥ ሪፖርትና መጠየቂያ ቅጽ ከሆነ እሱም
- ከኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎትና ከግል አቅራቢዎች የመጡ ደረሰኞች
- የሽያጭ ትኬቶች፣ የገንዘብ ቤት የዕለት ማጠቃለያ፣ የዱቤ፣ የጤና መድንና የነፃ ታካሚዎች መዝገብ
- የናርኮቲክና ሳይኮትሮፒክ (እንደ ሞርፊንና ዲያዜፓም ያሉ፣ ልዩ ቁጥጥር ያለባቸው መድኃኒቶች) መዝገብ ከልዩ ማዘዣዎቹ ጋር
- ባዶ የቆጠራ ቅጽ፣ ካልኩሌተር፣ የመቁጠሪያ ትሪ፣ ጓንት፣ ማስክ፣ ባትሪ፣ የራስዎ ቴርሞሜትር
- አብሮዎት የሚቆጥር አንድ ሰው፤ የሚቆጠረው ክፍል ሠራተኛ ያልሆነ

ብቻዎን አይቁጠሩ። ቁጥሩ ላይ ክርክር ሲነሣ ሁለተኛው ፊርማ ለእርስዎም ለስቶር ኃላፊውም ጥበቃ ነው።

ደረጃ 1፦ ጊዜውን ይወስኑ፣ የጥራዞቹን የመጨረሻ ቁጥር ይያዙ

ኦዲቱ ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን እንደሆነ ይጻፉ፤ ለምሳሌ ከሐምሌ 1 እስከ መስከረም 30። ጳጉሜን መሐል ላይ ስለምትወድቅ የእሷ ቀናት ወጪም ይደመራል፤ ወርሃዊ አማካይ ሲያወጡ ግን ለ3 እንጂ ለ4 አይካፈልም።

ቆጠራው ሊጀመር ሲል ከእያንዳንዱ ጥራዝ የመጨረሻውን የተሠራበት ቁጥር ይመዝግቡ፤ ከሞዴል 19፣ ከሞዴል 22፣ ከሽያጭ ትኬቱም። ከሥሩ እርስዎና የክፍሉ ኃላፊ ትፈርማላችሁ። ይህ ካልተደረገ ጠዋት 3 ሰዓት ከስቶር የወጣ ካርቶን ስቶር ላይም ዲስፔንሰሪ ላይም ሊቆጠር፣ ወይም ከሁለቱም ሊቀር ይችላል። እኔ ካየኋቸው የሐሰት ጉድለቶች ብዙዎቹ የመጡት ከዚህ ነው።

ደረጃ 2፦ የሚቆጠሩትን መድኃኒቶች ይምረጡ

የሰኔ 30 ቆጠራ ሁሉንም ያጠቃልላል። በሩብ ዓመቱ ከ25 እስከ 30 መድኃኒት በደንብ መርምሮ መጨረስ ይሻላል። ምርጫዬ እንዲህ ነው፦

- ናርኮቲክና ሳይኮትሮፒክ በሙሉ፣ ያለ ናሙና
- በኤቢሲ ትንተና ኤ ክፍል ውስጥ ከወደቁት፤ ማለትም በቁጥር ጥቂት ሆነው አብዛኛውን በጀት ከሚወስዱት
- ሲጠፉ ሰው የሚሞትባቸው፦ ኦክሲቶሲን፣ ማግኒዥየም ሰልፌት፣ አድሬናሊን፣ ኢንሱሊን
- ውጭ ገበያ ላይ በቀላሉ የሚሸጡ ውድ አንቲባዮቲኮችና ቅባቶች
- ከቀሩት ውስጥ በዕጣ የወጡ አምስት

የመጨረሻው መስመር ትንሽ ይመስላል፤ ሆኖም የትኛው መድኃኒት እንደሚታይ ሁሌ ቀድሞ የሚታወቅ ከሆነ የሚስተካከለው እሱ ብቻ ነው። ዝርዝሩን ለክፍሉ አስቀድመው አይስጡ።

ደረጃ 3፦ ቢን ካርዱን ሳያዩ ይቁጠሩ

ካርዱ ላይ 8,000 የሚል ያነበበ ሰው 7,900 ላይ ሲደርስ «የሆነ ቦታ ዘልዬ ይሆናል» ብሎ 8,000 ይጽፋል። አይዋሽም፤ ዓይኑ ቁጥሩን ፈልጎ ነው። ስለዚህ ካርዶቹን ሰብስበው ለብቻ ያስቀምጡና መደርደሪያውን ብቻ ይዘው ይሥሩ።

በቆጠራ ቅጹ ላይ የመድኃኒቱ ስም፣ ጥንካሬው፣ ዓይነቱ፣ መለኪያው፣ ባች ቁጥሩ (የምርት ዙሩ ቁጥር)፣ የአገልግሎት ማብቂያ ቀኑና ብዛቱ ይሞላል። እያንዳንዱ ባች የራሱ መስመር ይኑረው፤ ባቹ ካልተለየ ሊያልፍበት የደረሰው ከአዲሱ ጋር ተቀላቅሎ ይሰወራል።

መለኪያውን ይጠንቀቁ። ስቶር በፓኬት ይመዘግባል፣ ዲስፔንሰሪ በፍሬ። 10 ስትሪፕ በ10 ፍሬ የሆነ ፓኬት 100 ፍሬ ነው፤ የ1,000 ቆርቆሮ ሌላ ነው። ሁሉንም ወደ ትንሿ መለኪያ ያውርዱ። የተከፈተ ቆርቆሮ በግምት አይመዝገብ፤ ትሪ ላይ ይቆጠር። የታሸገ ካርቶንም ቢሆን ቴፑ ተነሥቶ የተለጠፈ መስሎ ከታየዎት ያስከፍቱት።

ስቶር ብቻ ቆጥረው አይሂዱ። የተመላላሽና የተኝቶ ታካሚ ዲስፔንሰሪ፣ የድንገተኛ ክፍል፣ የማዋለጃ ክፍሉ ቁም ሳጥን፣ የቀዶ ሕክምናው መሳቢያ ሁሉም መድኃኒት ይይዛሉ። በአንድ ቀን መጨረስ ካልተቻለ ያልተቆጠረው ክፍል ይታሸግ፤ ማሸግ የማይቻልበት እንደ ድንገተኛ ያለ ክፍል መጀመሪያ ይቆጠር።

ማስጠንቀቂያ፦ ለቆጠራ ብለው አገልግሎት አይዝጉ። ለታካሚ የሚሰጥ መድኃኒት በመሐል ከወጣ በቅጹ ጎን ሰዓቱንና ብዛቱን ይጻፉና ይቀጥሉ።

ደረጃ 4፦ የስቶሩን ሒሳብ ያገናኙ

ቀመሩ ይህ ነው፦ የመነሻ ቀሪ + ገቢ − ወጪ − የተወገደ ወይም የተመለሰ = መኖር የነበረበት።

በምሳሌ እንየው። አሞክሲሲሊን 500 ሚሊ ግራም ካፕሱል፣ ቢን ካርዱ ሐምሌ 1 ቀሪ 12,000 ይላል። በሩብ ዓመቱ ገቢ 30,000፣ ወጪ 34,000። ስለዚህ 8,000 መኖር አለበት። እርስዎ የቆጠሩት 7,400 ነው። 600 ጎድሏል።

አሁን የሚደረገው ከካርዱ ወደ ጥራዙ መሄድ ነው። በጊዜው ውስጥ የተቆረጡትን የሞዴል 22 ወረቀቶች ሁሉ በተከታታይ ቁጥራቸው ይደምሩ፤ የተዘለለ ቁጥር ካለ ተበላሽቶ የተሰረዘው ኦሪጅናል ከነቅጂው ጥራዙ ውስጥ መገኘት አለበት። ድምሩ 34,600 መጣ እንበል። አንድ የ600 ወጪ ካርዱ ላይ አልተጻፈም ማለት ነው። በቃ የጽሕፈት ስሕተት ነው ብለው እዚህ አይቁሙ። ያ 600 ወደ ተላከበት ዲስፔንሰሪ ይሂዱና የተረካቢውን ፊርማ፣ የገቢ መዝገቡንና ቀኑን ይዩ። በሁለቱም በኩል ካለ ስሕተቱ የካርድ አሞላል ነው። ስቶር ላይ ወጥቶ ዲስፔንሰሪ ላይ ካልገባ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው።

ገቢውንም እንዲሁ ከሞዴል 19 ወደ አቅራቢው ደረሰኝ ያመሳክሩ። ደረሰኙ 30,000 ሲል ሞዴል 19 ላይ 29,000 ከተጻፈ ቢን ካርዱና ቆጠራው ፍጹም ይስማማሉ፤ ጉድለቱ ከበሩ ገና ሳይገባ የተፈጠረ ስለሆነ ቆጠራ በጭራሽ አያገኘውም። ቢን ካርድ ከስቶክ ሪከርድ ካርድ ጋር የሚመሳከረውም ሁለቱን የሚሞሏቸው የተለያዩ ሰዎች ስለሆኑ ነው። አንድ ሰው ሁለቱንም የሚሞላ ከሆነ ያ ራሱ ግኝት ነው፤ ይጻፉት።

ከዓመታት በፊት፣ ሥራውን ገና ስለማመድ፣ የሴፍትሪያክሶን ቫያል ጎደለ ብዬ ሪፖርት አቅርቤ ነበር። መድኃኒቱ ግን በአቅራቢያው ላለ ጤና ጣቢያ በማስተላለፊያ ደብዳቤ ተልኮ፣ ደብዳቤው የቢሮ ፋይል ውስጥ ነበር። የስቶር ኃላፊዋ ሁለት ሳምንት በተጠርጣሪነት ቆየች። ከዚያ ወዲህ ጉድለት ብዬ ከመጻፌ በፊት አራት ነገር ሳላጣራ አላልፍም፦ ለሌላ ተቋም የተላለፈ፣ ከዋርድ የተመለሰ፣ የተወገደ፣ በብድር የወጣ።

ደረጃ 5፦ ዲስፔንሰሪውን ከትኬትና ከገንዘብ ጋር ያገናኙ

ብዙው ብልሽት የሚታየው እዚህ ነው፤ ጊዜ ይስጡት። በኤፒቲኤስ (ኦዲት ሊደረግ በሚችል የመድኃኒት ግብይትና አገልግሎት ሥርዓት) ለሚሠራ ተቋም እያንዳንዱ የወጣ መድኃኒት ቁጥር ያለው ትኬት ስለሚኖረው ሥራው ይቀላል። በኤፒቲኤስ ካልሆነም ማዘዣዎቹን በመደመር ይሠራል፤ ይረዝማል እንጂ አይከለክልም።

ያንኑ አሞክሲሲሊን እንውሰድ፣ የተመላላሽ ዲስፔንሰሪው፣ አንድ ወር። መነሻ 1,500፣ ከስቶር የገባ 9,000፣ በቆጠራ የተገኘ 1,260። ስለዚህ 9,240 ወጥቷል። በትኬት ሲደመር፦ በጥሬ ገንዘብ 5,880፣ በጤና መድን 2,310፣ በነፃ 630፤ በድምሩ 8,820። ያለ ትኬት የወጣው 420 ነው።

ቁጥሩን ልብ ይበሉት። አንድ አዋቂ በቀን 3 ጊዜ ለ7 ቀን ሲወስድ 21 ፍሬ ነው፤ 420 ደግሞ ልክ 20 ጊዜ 21 ነው። በዘፈቀደ የጠፋ መድኃኒት እንዲህ አይገጥምም። ምናልባት ለ20 ሰው የተሟላ ሕክምና ተሰጥቶ ትኬቱ አልተመዘገበም። መጀመሪያ የሚያዩት የሌሊት ተረኞችን ጥራዝ ነው፤ ጠዋት ያልተመለሰ ጥራዝ ሊኖር ይችላል። ቀጥሎ የዱቤና የመድን ታካሚዎችን መዝገብ፤ ቅጹ ወደ መድን ጥያቄ ክፍል ሄዶ ከትኬቶቹ ተለይቶ ይሆናል። ሁለቱም ከሌሉ ከተረኞች ዝርዝር ጋር ቀኑን እያዩ ያጥብቡ።

ትርፍ ሲገኝም ደስ አይበልዎት። ትኬት ተቆርጦ ገንዘብ ተከፍሎ መድኃኒቱ ለታካሚው ካልተሰጠ፣ ወይም 21 ተከፍሎበት 15 ከተሰጠ፣ መደርደሪያው ላይ ትርፍ ይሆናል። በእኔ ዓይን ትርፍ ከጉድለት ይከፋል፤ ጎድሎበት የሄደው ታካሚው ነው።

በመጨረሻ የጥሬ ገንዘብ ትኬቶቹን የብር ድምር ከገንዘብ ቤቱ የዕለት ማጠቃለያና ከባንክ ገቢ ወረቀቱ ጋር ያመሳክሩ። ዋጋው የተሰላበት መነሻ ከስቶክ ሪከርድ ካርዱ ጋር አንድ መሆኑን ሦስት አራት መድኃኒት ላይ መፈተሽ ይበቃል።

ደረጃ 6፦ ናርኮቲክና ሳይኮትሮፒክ

ሞርፊን፣ ፔቲዲን፣ የዲያዜፓም መርፌ፣ ፌኖባርቢታል… እነዚህ በፍሬ ይቆጠራሉ፤ ቁልፍ ያዡ ባለበት ብቻ። ሰንሰለቱ አራት ቀለበት አለው፤ አንዱም አይዘለል፦

1. የተቆጠረው ከመዝገቡ ቀሪ ጋር ይስማማል?
2. እያንዳንዱ የወጪ መስመር ልዩ ማዘዣ አለው? የማዘዣው ቁጥር በተከታታይ ነው?
3. ማዘዣው ላይ ያለው የካርድ ቁጥር የእውነት ታካሚ ነው? ያን ቀን ተቋሙ ውስጥ ነበር?
4. ለተኝቶ ታካሚ ከሆነ፣ የነርሷ መድኃኒት መስጫ ቅጽ መጠኑንና ሰዓቱን ይመሰክራል?

ሦስተኛውና አራተኛው አድካሚ ናቸው፤ ብዙ ሰው ሁለተኛው ላይ ያቆማል። ነገር ግን ማዘዣ ሊጻፍ ይችላል፤ የታካሚ ካርድና የነርስ ቅጽ አብሮ ማቀናበር ይከብዳል። የሐኪሙን ፊርማም ከተረኛ ዝርዝሩ ጋር ያስተያዩ፤ ዓመት ፈቃድ ላይ በነበረበት ቀን የተፈረመ ማዘዣ ካለ ለብቻው ይያዝ።

የ10 ሚሊ ግራም ሞርፊን አምፑል ተከፍቶ 5 ሚሊ ግራም ብቻ ከተሰጠ የተረፈው ሁለት ባለሙያዎች ባሉበት ተወግዶ ሁለቱም መፈረም አለባቸው። ፊርማ የሌለው «ተደፍቷል» አይቆጠርም።

ማስጠንቀቂያ፦ ጉድለት ካገኙ ሪፖርቱ እስኪያልቅ አይጠብቁ። በዚያው ቀን ለተቋሙ ኃላፊ በጽሑፍ ያሳውቁ፣ መዝገቡን ባለበት ቅጂ ያስወስዱ፣ ለሌላ ሠራተኛ አይናገሩ። ማንንም «አንተ ነህ» አይበሉ፤ ያ የእርስዎ ሥራ አይደለም። በመዝገቡ ላይም አንዳች እርማት አይጻፉ።

ደረጃ 7፦ ማዘዣዎቹን ያንብቡ

መድኃኒቱ አልጠፋም ማለት በትክክል ተሰጠ ማለት አይደለም። 100 ማዘዣ ይውሰዱ። በሩብ ዓመቱ 2,400 ማዘዣ ካለ 2,400 ለ100 ሲካፈል 24 ይሆናል፤ ከ1 እስከ 24 አንድ ቁጥር በዕጣ ያውጡና ከዚያ ጀምረው በየ24ኛው ይምዘዙ። ከላይ ያሉትን 100 አንሥቶ መሄድ የመጨረሻውን ሳምንት ብቻ ማየት ነው።

በእያንዳንዱ ላይ የታካሚው ዕድሜ፣ የካርድ ቁጥር፣ ምርመራው፣ ጥንካሬ፣ መጠን፣ ድግግሞሽ፣ ቆይታ፣ የጻፈውና ያደለው ባለሙያ ስምና ፊርማ መኖሩን ምልክት ያድርጉ። የዓለም ጤና ድርጅት መለኪያዎች የሚባሉትን አምስቱን ያስሉ፦ በአንድ ማዘዣ ስንት መድኃኒት፣ ስንቱ በጄኔሪክ ስም (በንግድ ስሙ ሳይሆን በራሱ በመድኃኒቱ ስም)፣ ስንቱ ማዘዣ አንቲባዮቲክ፣ ስንቱ መርፌ አለበት፣ ስንቱ መድኃኒት ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ነው።

ሁለት ነገር ጠበቅ አድርገው ይዩ። አንዱ ክብደቱ ያልተጻፈ ሕፃን ነው፤ ፓራሲታሞል እንኳ በኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም ስለሆነ ያለ ክብደት መጠኑ ልክ ነው ማለት አይቻልም። ሌላው በአንድ ወረቀት ላይ ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን አብረው መታዘዛቸው ነው። ሁለቱ አንድ ሥራ ይሠራሉ፤ ጨጓራና ኩላሊት ላይ ጉዳቱ ይደመራል። ያደለው ባለሙያ ደውሎ ካስተካከለ ያንንም ይመዝግቡ፤ ጥሩ ሥራ ሪፖርት ውስጥ መግባት አለበት።

በር ላይ 30 ታካሚ ያነጋግሩ፦ «ይህን መድኃኒት እንዴት ነው የሚወስዱት?» አንድ ጊዜ አንዲት እናት ከፌስታላቸው አንድ ዓይነት የደም ግፊት መድኃኒት በሁለት ቀለም ፓኬት አወጡልኝ። ሁለት የተለያየ መድኃኒት መስሏቸው ሁለቱንም ይወስዱ ነበር። ይህን የትኛውም ካርድ አይናገርም።

ደረጃ 8፦ ማከማቻውንና የማብቂያ ቀኑን ይፈትሹ

ካርቶኖች ከወለል ቢያንስ 10፣ ከግድግዳ 30 ሳንቲ ሜትር ይራቁ፤ ክምሩ ከ2.5 ሜትር አይብለጥ። ፍሪጁ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ መሆኑን በራስዎ ቴርሞሜትር ይለኩ። የሙቀት መመዝገቢያው ላይ ቅዳሜና እሑድም ጭምር በየቀኑ አንድ ዓይነት 5 ዲግሪ ከተጻፈ በአንድ ቀን የተሞላ ሊሆን ስለሚችል ይጠይቁ። ኢንሱሊን ከፍሪጁ በረዶ ሰሪ አጠገብ መኖር የለበትም፤ አንዴ ከረጋ ቢቀልጥም አያገለግልም።

የማብቂያ ቀን ላይ የዘመን አቆጣጠሩ ያሳስታል። ፓኬቱ ላይ ያለው በፈረንጆች ነው፣ ካርዱ በእኛ። 08/2025 የሚል ፓኬት የሚያበቃው በወሩ መጨረሻ፣ ማለትም ነሐሴ 25 ቀን 2017 ነው። አንዱ 2025ን እንዳለ ካርዱ ላይ ሲገለብጥ ቀጣዩ ሰው የእኛን ዘመን መስሎት ገና ስምንት ዓመት አለው ይላል። በካርዱ ላይ ሁሌ እንደ ፓኬቱ ተጽፎ «እ.ኤ.አ.» ይጨመርበት።

ያለፈበትን መቁጠር በቂ አይደለም፤ ሊያልፍበት ያለውን ያስሉ። 900 ጠርሙስ ሽሮፕ አለ፣ በወር 100 ይወጣል፣ 5 ወር ቀርቶታል እንበል። 500 ይወጣል፣ 400 ይቃጠላል። ዛሬ ለሌላ ተቋም ቢተላለፍ ግን ሕፃናት ይድኑበታል። ለጤና ጣቢያና ለሆስፒታል የተቀመጠው ክምችት ከ2 ወር እስከ 4 ወር ስለሆነ ከዚያ በላይ ያለውን ሁሉ በዚህ ስሌት ይፈትሹት። በገንዘብ ሲሰላ ብክነቱን ከ2 በመቶ በታች ማድረግ የተለመደ ግብ ነው።

ደረጃ 9፦ ከክፍሉ ጋር ይነጋገሩ፣ ከዚያ ይጻፉ

ሪፖርቱ ወደ ኃላፊው ከመሄዱ በፊት ከናርኮቲኩ በስተቀር ሁሉንም ግኝት ለክፍሉ ሰዎች ያንብቡላቸው፤ ማስረጃ ለማምጣት 2 የሥራ ቀን ይስጧቸው። እያንዳንዱ ግኝት እንዲህ ይጻፍ፦ ምን መሆን ነበረበት፣ ምን ተገኘ፣ በየትኛው ወረቀት ቁጥር፣ ምክንያቱ፣ በብርና በታካሚ ላይ ያስከተለው፣ ማን እስከ መቼ ያስተካክለው። የታካሚ ስም አይግባ፤ የካርድ ቁጥር ይበቃል። ቅጂው ለመድኃኒትና ሕክምና ኮሚቴም ይድረስ፤ የማዘዣውን ችግር ፋርማሲው ብቻውን አይፈታውም።

ተደጋጋሚ ስሕተቶች

- መድኃኒቱ ያልነበረባቸውን ቀናት ሳይቀንሱ አማካይ ማውጣት። በ90 ቀን 30 ቀን ባዶ የነበረ መድኃኒት 600 ከወጣ ወርሃዊው 300 እንጂ 200 አይደለም። በ200 ከታዘዘ እንደገና ያልቃል።
- የአንዱን መድኃኒት ትርፍ በሌላው ጉድለት ማቻቻል። የ250 እና የ500 ሚሊ ግራም ካፕሱል ሁለት የተለያዩ መስመሮች ናቸው።
- በቆጠራ ቅጹ ላይ ማጥፊያ ፈሳሽ መጠቀም። በአንድ መስመር ይሰረዝና ከጎኑ ይፈረም።
- ቢን ካርዱን ከቆጠራው ጋር እንዲስማማ ወዲያው ማስተካከል። ማስተካከያ የሚጻፈው ኃላፊው ከፈቀደ በኋላ፣ በራሱ መስመር፣ ከነምክንያቱ ነው።
- ጊዜው ያለፈበትን መድኃኒት ከቆጠራ ማስቀረት። እስኪወገድ ድረስ ለብቻው ተቀምጦ፣ ተለጥፎበት ይቆጠራል።
- ያለፈውን ሪፖርት ሳያነቡ መጀመር። ሦስት ጊዜ የተጻፈ ግኝት ካለ አራተኛ ጊዜ እንዳለ አይገልብጡት፤ ለምን እንዳልተስተካከለ ጠይቀው መልሱን ይጻፉ። በቀጣዩ ወር ተመልሰው የሚያዩትም ያን ነው።